ሳትነዳ የቀረችው ዙር

ጋሽ ዝግታ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እቤት ውስጥ ሁለት ሶፋ ያለ ይመስል ነበር፤ አንዱ ሶፋው ራሱ፣ ሌላው ደግሞ እላዩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ። ጠዋት ይነሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ መስኮቱ አጠገብ ሄዶ ዘፍ ይላል፤ በቃ። ሚስቱ ስትጠርግ እግሩን ያነሳላታል፣ ስትጨርስ መልሶ ያወርደዋል። ምን ልሥራልህ ስትለው «እንደፈለግሽ» ነው መልሱ። ጎረቤት ደርሼ ልምጣ ወይ ስትለውም «እንደፈለግሽ»። ቤቱ እየተቃጠለ ነው ብትለው እንኳ ሌላ ቃል የሚያወጣ አይመስልም።

ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ የነዳት አውቶቡስ ከተማውን ዙሪያውን የምትዞር ነበረች፤ ከቤታቸው በላይ ካለው ፌርማታ ትነሳና በገበያው፣ በትምህርት ቤቱ፣ በአደባባዩ፣ በሆስፒታሉ፣ በጡብ ፋብሪካው በኩል አድርጋ እዚያው የተነሳችበት ትመለሳለች። ሌላው ሾፌር ሲበር እሱ ያዘግማል። ፍሬን ሲይዝ ጭን ላይ የተቀመጠ እንቁላል አይነቃነቅም። የቸኮለው ይሳደባል፣ አሮጊቶች ይመርቁታል፣ እሱ ለሁለቱም እኩል አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል።

ሚስቱን ደግሞ እንፋሎት ይሏታል። እሷም የራሷን ዕድሜ የጨረሰችው በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። ስሙን ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ሲሆኑ፣ ምክንያቱ እዚያ የሚትጎለጎለው እንፋሎት አይደለም፤ የሷው ቶሎ ቶሎ መፍላት ነው። ከሱ አንድ ዓመት ቀድማ ነው ጡረታ የወጣችው። ያኔ የቤቱን መጋረጃ ሁሉ አውርዳ አጠበች፣ ሰቀለች፣ እንደገና አውርዳ አጠበች። የጎረቤት መጋረጃ ላይ ልትደርስ ስትል ነው ነገሩ የበረደላት። እሱ ግን የሚያጥበው መጋረጃ የለውም።

የምትፈራውን ታውቀዋለች። ከጋሽ ዝግታ ቀድሞ ጡረታ የወጣ አንድ ጓደኛው ነበር፤ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ግንድ የሚያክል ሾፌር። እሱም እንዲሁ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ፣ ዝም አለ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ቀበሩት። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። እንፋሎት ከቀብር ስትመለስ «ምን ልብ አለ! ሶፋው ነው የገደለው» አለች። እና አሁን የራሷ ሰው በዚያው መንገድ ላይ ነው። አጠገቡ አልፋ ስትሄድ ፊቱን ታየዋለች፤ ፊቱ ላይ ማንም የለም። በሩን ገርበብ አድርገው የሄዱበት ቤት ይመስላል። ልጠፋብሽ ነው ቢላት እንኳ ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ ትጣላዋለች።

አንድ ቀን ምሳ አቅርባ ስትጠብቀው፣ ያልጠየቀችውን ተናገረ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ዞርኩ» አላት፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሳ። «ስነሳም እዚያው፣ ስደርስም እዚያው። የት ነው ግን የሄድኩት?»

እንፋሎት ጭልፋዋን አስቀምጣ፣ እሱ የሚያየውን ለማየት ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች።  

ነገሩን ያባሰው ደግሞ ከሥራ አወጣጡ ነው። የመጨረሻው ቀን ጢሙን ተላጭቶ፣ ጫማውን ቀብቶ፣ እሷ የተኮሰችለትን የደንብ ልብስ ለብሶ ወጣ። ያችን የመጨረሻ ዙር ሊነዳት ነው። ሲደርስ አውቶቡሷ የለችም፤ ካምቢዮዋ ተበላሽቶ ጋራዥ ገብታለች። አለቃው «ምን ያስጨንቅዎታል፣ በቃዎት፣ ይረፉ እንጂ» ብሎ አስቀመጠው። ሻይ አስመጡለት፣ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙት፣ አጨበጨቡለት። ሰዓቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ በእግሩ ወደ ቤቱ መጣ። ያን ሁሉ ዘመን የነዳትን መኪና ደህና ሁኚ እንኳ ሳይላት። እንዲህ ይደረጋል? አይደረግም። ግን ተደረገ፤ ያደረጉትም ክፉ ሆነው ሳይሆን ሳያስቡት ነው፣ ይኼ ደግሞ ለመናደድ እንኳ አይመችም።

ሐይቁ የእንፋሎት ሐሳብ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ የሴትዮዋ የዕድሜ ልክ ምኞት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጠዋት ሄደው ማታ የሚገቡበት፣ አንድ ሐይቅ አለ። ሲጋቡ እንሄዳለን ተባባሉ። ከዚያ እሱ ዕረፍት ሲሆን እሷ ሥራ ናት፤ እሷ ዕረፍት ስትሆን እሱ መሪ ላይ ነው። ልጆች መጡ፣ ልጆች አደጉ፣ ልጆች ሄዱ። ቀኑን ሙሉ የሚፈላ ውሃ ስታይ የኖረች ሴት ዝም ብሎ የተኛ ቀዝቃዛ ውሃ ማየት ብትመኝ ምን ይገርማል? እዚያ ብወስደው ይነቃ ይሆናል አለች። እኔም አየዋለሁ አለች። ከሁለቱ የትኛውን አስቀድማ እንዳሰበች ግን እሷም እርግጠኛ አይደለችም።

መኪናውን ያዋሳት ታናሽ ወንድሟ ነው። መድኃኒት ቤት አለው፤ ልጆቹ ብዙ ስለሆኑ መኪናውም ባለ ብዙ ወንበር ነው፤ ከልጆቹና ከመኪናው ማንን እንደሚያስበልጥ ግን ባይጠየቅ ይሻላል።

«እትዬ፣ ሳይመሽ መልሱልኝ። ጭረት ካየሁባት ደግሞ እህትም የለኝ!»

«ሂድ ወዲያ! አንተ ዳዴ ስትል እሱ መሪ ይዞ ነበር።»

«ጋሼን መች ጠረጠርኩ? አንቺን ነው እንጂ። በሩን ድርግም ነው የምታደርጊው።»

የሄዱ ዕለት ጠዋት ሲነሱ ጭጋግ ከተማውን ውጦታል። እንፋሎት ዳቦ ቆራርጣ፣ እንቁላል ቀቅላ፣ ብርቱካን ጨምራ ቅርጫቷን ሞላች። ጋሽ ዝግታ ሐይቅ ልንሄድ ነው ሲባል «እንደፈለግሽ» ብሎ ጫማውን አሰረ። የፊተኛው ወንበር ላይ የወንድሟ ልጆች ማስቲካ ለጥፈውበት ስላገኘችው፣ ተራግማ ስታበቃ ከሱ ኋላ ተቀመጠች። ለካ ባሏ ሲነዳ ከኋላው ተቀምጣ አታውቅም። እሷ ወደ ሆስፒታሉ የምትሄደው እሱ ሥራ ሳይጀምር፣ በሠራተኞች መኪና ነበር፤ የምትመለሰውም እንደዚያው። የማጅራቱ ፀጉር መሸበቱን ያየችው ያን ዕለት ነው።

መኪናው ሲነሳ የተንቀሳቀሰ አልመሰላትም፤ መንገዱ ራሱ በሥራቸው ያለፈ መሰላት። ቤቶች ከነጩ ውስጥ ብቅ ይሉና እንደገና ይገባሉ። ግንድ የሌላቸው ቅርንጫፎች አየር ላይ ያልፋሉ። አንድ ሰው ብስክሌት ይዞ መጣ፣ ብስክሌቱ ጠፋና ሰውየው ብቻ ቀረ፣ ከዚያ እሱም ጠፋ። ሁሉም ነገር ቀስ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ የታጠበ ነበር። እንፋሎት ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ሐይቁን ማሰብ ጀመረች። ዳር ላይ ትቀመጣለች፣ እግሯን ትነክራለች፣ ማንም ምንም አይላትም።

መኪናው ዝግ አለ። ወደ ዳር ተጠጋ። ቆመ።

«ምን ረሳህ?» አለችው።

 ቀኝ እጁ በአየር ላይ የሌለ ነገር ይፈልግ ነበር። ምን እንደሚፈልግ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት፤ የአውቶቡሷን በር መክፈቻ ነው። በመስኮቱ ስታይ የገበያው ፌርማታ ምሰሶ ፊት ለፊቷ ተገትሯል። ሰዎች ጭጋጉ ውስጥ ተሰልፈው ቆመዋል፤ አውቶቡሱ በጭጋጉ ምክንያት የዘገየባቸው ናቸው። ሰውየው ወደ ሐይቅ ሳይሆን ወደ ሥራው ነበር የሚነዳው፣ ያውም ሳያውቀው። ወይ ጉድ!

አፏን ሳትከፍት በሩ ከውጭ ተከፈተ።

«እሰይ! መጣህልን እንዴ የኔ ጌታ!» እንቁላል ሻጭ ናት፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እቅፍ ሙሉ እንቁላል በሣህን ይዛለች። «ትልቋን ቀምተው ይቺን ፍልፈል ሰጡህ? አይ መንግሥት!»

ከኋላዋ የሲሚንቶ ቦርሳ ያንጠለጠለ ረጅም ግንበኛ ጎንበስ ብሎ ገባ። ከሱ ኋላ ሁለት ተማሪዎች እየተሳሳቁ ገቡ። ማንም ምንም አልጠየቀም። ጋሽ ዝግታ ቆሟል፣ በሩ ተከፍቷል፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

«እናንተ ሰዎች!» እንፋሎት ፈላች። «ይኼ እኮ የሰው መኪና ነው!»

«የሰውማ ነው፣ የማን ሊሆን ኖሯል?» አለች እንቁላል ሻጯ እየተመቻቸች። «ጠጋ በይልኝ እስቲ፣ እንዳትሰብሪብኝ። አንቺስ የት ነሽ?»

«ሐይቅ!»

«ሐይቅ የሚባል ፌርማታማ የለም፣ እህቴ። ተሳስተሽ ነው የተሳፈርሽው።»

ግንበኛው ከኋላ ሳቀ። እንፋሎት ባሏን ልትጠራው፣ ትከሻውን ይዛ ልትነቀንቀው እጇን ዘረጋች። በዚያው ቅጽበት በመስተዋቱ ፊቱን አየችው፤ እጇም እዚያው ቀረ። ፊቱ ላይ ሰው አለ። ዓይኖቹ ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ፣ ግራ መስተዋት፣ ቀኝ መስተዋት፣ የተሳፋሪው እግር ገባ አልገባ፣ በሩ ተዘጋ አልተዘጋ። መኪናውን ሲያስነሳት እንቁላሎቹ አልተነቃነቁም። እንፋሎት እጇን ሰብስባ ቅርጫቷ ላይ አስቀመጠች። እስከ አደባባዩ ድረስ ብቻ አለች በልቧ፤ የሐይቁ መንገድ በቀኝ የሚገነጠለው ከአደባባዩ ነው፣ እዚያ ሲደርስ እነግረዋለሁ።

ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ከተማሪዎቹ አንዷ «ወራጅ አለ!» አለች።

«እሺ» አለ ጋሽ ዝግታ።

እሺ! ከ«እንደፈለግሽ» ሌላ ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው።  ልጆቹ ወርደው ከበሩ እስኪገቡ ቆሞ አያቸው፤ የቸኮለ ሾፌር ከኋላ ክላክስ አንባረቀበት፤ እሱ አንገቱን ነቅነቅ አደረገለትና ቀስ ብሎ ተነሳ።

አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ግን ራሱ ነቃ። ጭጋጉ እዚያ ጋ ሳሳ ብሎ ነበር፤ ወደ ሐይቁ የሚያመለክተው ቀስት ከነቀለሙ ታየ። ጋሽ ዝግታ ቀስቱን አየ፣ መስተዋቱን አየ፣ የተቀመጡትን ሰዎች አየ፣ መጨረሻ ላይ ሚስቱን ከነቅርጫቷ አየ። ዳር ይዞ ቆመ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ምን አደረግኩ እኔ!» አለ። «ምን ነካኝ? አላወቅኩም እኮ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሳላውቀው ነው። ሰዎች፣ ይቅርታ፣ ይኼ አውቶቡስ አይደለም፤ እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ...»

እንቁላል ሻጯ እንቁላሏን እቅፍ አደረገች። ግንበኛው ሳል መጣበት። መኪናው ውስጥ የሁሉም ዓይን የሚሄድበት ጠፋው። ጋሽ ዝግታ ወደ ሚስቱ ዞሮ ቀረ፣ እና እንፋሎት ያ ፊት እንደገና ባዶ ሊሆን ሲል አየችው። እየወጣ ነበር፣ እዚያው ዓይኗ ሥር፣ በሩን ገርበብ ሊያደርገው።

ቀስቱ በቀኝ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ዛሬ ካልሄዱ ደግሞ መኪናው የለም፤ ወንድሟም ሁለተኛ አይሰጣት፤ እሷም ሁለተኛ አትለምነው። ውሃው ታያት፤ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ የማንንም ቆሻሻ የማያጥብ።   የዚያ ሁሉ ዓመት ምኞቷ እኮ ነው።

«ሰዎቹን ታዲያ የት ልትጥላቸው ነው?» አለችው፤ ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ጮኸ። «ይኼን ሁሉ እንቁላል ይዛ በእግሯ ትሂድ? ንዳ እንጂ!»

«ሐይቁስ?»

«ንዳ አልኩህ! ግራ!»

 ዞሮ መሪውን ያዘ፣ ማርሹን አስገባ፤ መኪናው አደባባዩን ዞሮ ወደ ግራ ሄደ። ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ሳያውቅ የተደረገ አይደለም። እያወቀ ነው የነዳው፣ እያንዳንዷን ፌርማታ። እንፋሎትም ምን እየነዳ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት፤ ያችን ያልሰጡትን የመጨረሻ ዙር ነው። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እንቁላል ሻጯ አይታ እንዳላየ ሆነች፣ እግዜር ይስጣት።

ሰው ወጣ፣ ሰው ወረደ። አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ገቡና «ጠፋህብን እኮ፣ ሞተ ብለን ነበር» አሉት፤ «ልሞት ነበር፣ ቀረሁ» አለ ጋሽ ዝግታ፤ ሁሉም ሳቁ፣ እንፋሎት ብቻ አልሳቀችም። አንዲት እናት ልጇን እንቅልፍ እንደወሰደው አዝላ ገባች፤ መኪናው ከወትሮው ይበልጥ ቀስ አለ። የማታውቃቸው መንገዶች ነበሩ። እዚሁ ከተማ ተወልዳ እዚሁ አርጅታ፣ ግድግዳ ላይ የተሰጣ የልብስ ሰፊ ጨርቅ፣ ጣሪያ ላይ የቆመች ድመት፣ በረንዳ ላይ ጢሙን የሚላጭ ሰው፣ ይኼን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ታያለች። እሱ ግን በየቀኑ ሲያየው ኖሯል። ማታ ሲገባ «እንዴት ዋልክ» ትለዋለች፣ «ደህና» ይላታል፣ ይኼ ሁሉ «ደህና» በሚለው ውስጥ ታጭቆ ነበር የሚገባው ለካ።

ሆስፒታሉ አጥር ሥር ሲደርሱ መኪናው ከማዝገሙ ብዛት የቆመ መሰለ። ፌርማታው ገና ነው።

«እዚህ ጋማ ተዉት» አለ ግንበኛው። «እዚህ ጋ ሁልጊዜ ቀንድ አውጣ ነው። ስንቴ ሥራ አርፍጄበታለሁ። ፍሬኗ ይይዛል ብለን ለመሥሪያ ቤቱ ልናመለክት ሁሉ ነበር።»

«ፍሬኗ አልነበረም» አለ ጋሽ ዝግታ።

«እና ምንድን ነው?»

 በአጥሩ ክፍተት በኩል ከመሬት እኩል የሆነች ትንሽ መስኮት ትታያለች፤ በመስኮቷ ነጭ እንፋሎት እየተጠቀለለ ወጥቶ ከጭጋጉ ጋር ይቀላቀላል።

«ባለቤቴ እዚያ ውስጥ ነበረች» አለ። «እንፋሎቱ ሲወጣ ካየሁ፣ አለች እላለሁ። ከዚያ እሄዳለሁ።»

 እንቁላል ሻጯ እንፋሎትን ቀና ብላ አየቻት፣ ቅርጫቷን አየች፣ እንደገና አየቻትና፣ ማን እንደሆነች ገባት መሰለኝ፣ እጇን አንስታ ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገችላት።  እዚያች መስኮት ሥር ቆማ ስንት ቀን «ዛሬ እዚህ ብደፋ ማን ያውቃል» ብላለች! በአጥሩ ማዶ ደግሞ ሙሉ አውቶቡስ ሰው፣ ሥራው እየረፈደበት፣ እሷን ለማየት ሲቆም ኖሯል። መናደድ አማራት። ለምን አልነገረኝም? ከዚያ ንዴቱ በረደ፤ አንገቷን አዙራ ያቺን መስኮት እስክትጠፋ ድረስ አየቻት።

ከሆስፒታሉ እስከ ጡብ ፋብሪካው ያለው መንገድ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ፀሐይ ጭጋጉን ከላይ እየላጠችው ነበር። የመኪናው ውስጥ ሞቀ። እንፋሎት ራሷን የመስኮቱ መስተዋት ላይ ደገፍ አደረገች፤ እንቅልፍ ነው እንዳይባል ሁሉንም ትሰማለች፣ ንቃት ነው እንዳይባል አንሶላዎች ይታዩዋት ነበር። ከሜዳው ላይ የሚነሳው ጭጋግ እሷ ያጠበችው አንሶላ ሆኖ ይሰጣል፣ ይነፋል፣ ይታጠፋል። በዚያ ሁሉ አንሶላ ላይ የተኙ ሰዎች አንድ በአንድ እየተነሱ ወደ ፌርማታው ይመጣሉ፤ የዳኑት፣ የወለዱት፣ የተወለዱት፣ ያልዳኑትም። ባሏ ለሁሉም ይቆምላቸዋል። እሷ ታነጣለች፣ እሱ ያደርሳል። በነጋታው እንደገና ይቆሽሻል፣ እንደገና ፌርማታ ላይ ይቆማሉ። ታዲያ ምን ይጠበስ? ሌላ ምን እንዲሆን ነበር የጠበቅነው?

ነቃ ስትል ግንበኛው እየወረደ ነው። ጡብ ፋብሪካው በር ላይ ነበሩ። «ያቺን ግድግዳ ዛሬ ካልጨረስኳት» እያለ ዘሎ ወረደና በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ነገስ አለህ?» አለው።

«የለሁም» አለ ጋሽ ዝግታ። «ዛሬ የመጨረሻዬ ነው።»

ግንበኛው የመሥሪያ ጓንቱን አወለቀ፣ በመስኮቱ እጁን ሰደደ፣ ተጨባበጡ። ያ ሰው ስሙ ማን እንደሆነ ጋሽ ዝግታ አያውቅም፤ ጀርባውን ግን ጭጋጉ ውስጥ እስኪጠፋ በመስተዋት ሸኘው። እንቁላል ሻጯም ከዚያ በኋላ ወረደች፤ ከወረደች በኋላ ተመልሳ መጥታ ሁለት እንቁላል እንፋሎት ጭን ላይ አስቀመጠች። «ቅርጫቴ ውስጥ እኮ የተቀቀለ አለኝ» ስትላት «ይኼ ያልተቀቀለ ነው፣ ዝም በይ» ብላ ሄደች። ሽማግሌው ወረዱ፣ ልጅ ያዘለችው ወረደች። ይኼን ሁሉ ሰው በየደጁ እያደረሰ የት ነው የሄድኩት ይለኛል፣ ቂል፤ አለች እንፋሎት በልቧ። ወንዶች ሲፈጥራቸው! ግን አልተናገረችውም። ለመናገር የሚያስፈልግ አልመሰላትም፤ መስተዋቱ ውስጥ ያለው ፊት የሚያውቀው ይመስል ነበር።

የቤታቸው ፌርማታ ሲደርሱ ጭጋጉ ጨርሶ ተገፎ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኗል። መኪናው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ጋሽ ዝግታ ዳር ያዘ፣ ቆመ፣ የእጅ ፍሬን ሳበ፣ ሞተሩን አጠፋ። እጆቹን ከመሪው ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው።

«አለቀ» አለ።

እንፋሎት ደነገጠች። ከኋላ ሆና ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። አብረው በኖሩበት ዘመን ሲያለቅስ ያየችው እናቱ የሞተች ዕለት ብቻ ነው። አይዞህ ልትለው ፈለገችና ተወችው፤ አይዞህ የሚባል ነገር አልነበረም። እጇን በወንበሩ ላይ አሳልፋ ትከሻው ላይ ጫነችለት።

«አዎ፣ አለቀ» አለችው። «ጥሩ አድርገህ ነው የጨረስካት።»

 መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፣ ሰው ይመጣል። ስልኳ ጠራ፣ ወንድሟ ነው፤ ዝም አለ፣ እንደገና ጠራ። «ይጥራ» አለች።

«ሐይቁን አስቀረሁብሽ» አለ በመጨረሻ፣ አፍንጫውን እየጠረገ። «አሁን ብንነሳም ሳይመሽ አንመለስም።»

«አስቀርተህብኛል» አለች። ዋሽታ ልታጽናናው አልፈለገችም። «ከፍቶኛል ደግሞ። ግን ተነሺ ብትለኝ አሁን አልነሳም።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጨርሶ ያልጠበቀችውን አደረገ። ከሾፌሩ ወንበር ወረደ፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ፣ ዞሮ መጣና እሷ አጠገብ፣ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቅርጫቱን ከጭኗ አንስቶ መሬት ላይ አኖረላት።

«እኔ ሁልጊዜ እንፋሎቱን ነው የማየው» አላት። «ውስጡን ግን አላውቀውም። ጠይቄሽም አላውቅ። እዚያ ታች ምን ትሠሪ ነበር?»

«ምን ይሠራል? ልብስ ይታጠባላ!» ብላ ልትገላመጥ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ሰውየው ፊቱን ወደሷ አዙሮ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ረጅም መንገድ እንደሚሄድ ሰው ተመቻችቶ ተቀምጦ ይጠብቃል። እንዲህ ሆኖ የጠየቃት ሰው፣ ባሏም ይሁን ልጆቿ፣ ኖሮ አያውቅም። እንፋሎት ሐይቅ ሐይቅ ስትል የኖረችው ምን ፈልጋ እንደሆነ ያን ጊዜ ጠረጠረች፤ ድምፅዋም ራሷን እስኪገርማት ድረስ ቀጠነ።

«ጠዋት ስንገባ» አለች፣ «መብራቱ ሳይበራ፣ አንሶላው ከላይ ከየክፍሉ በቧንቧ ይወርዳል። ትልቅ ቧንቧ ነው። ከማየትሽ... ከማየትህ በፊት ትሰማዋለህ። ሹ...ው ይላል። እና ሲወድቅ ገና ሙቀቱ አለው። የሰው ሙቀት።»

 ከዚህ በላይ መናገር አለባት ወይስ ይበቃዋል፣ እርግጠኛ አልሆነችም።

ጋሽ ዝግታ ትንሽ ወደሷ ጠጋ አለ።

«ከዚያስ?» አላት።